በቸሩ ገብስ ላይ ያረፉ ወፎች

ወዳጆን ያንገበገበው የወፎቹ መምጣት አልነበረም። ሰው ሊያያቸው በመጣ ቁጥር አለመገኘታቸው ነበር።

ኅዳር ገብቶ የገብሱ ዛላ አንገቱን ሲደፋ፣ ውርጩም የጨፌውን ሣር ማለዳ ማለዳ ሲያነጣው፣ ከራቤል ተራሮች ወዲያ ድምፃቸው ይመጣል። የተሰነጠቀ እምቢልታ የሚነፋ ይመስላል። ከዚያ ሰማዩ ላይ እንደ ማረሻ ጫፍ ሾል ብለው ይታዩና፣ ደጋግመው ዞረው ጨፌው ላይ ይወርዳሉ። ረጅም እግር፣ ረጅም አንገት፣ አመድማ ላባ። ቆመው ሲታዩ ጋቢ ደርበው ለነገር የተሰበሰቡ ሽማግሎች ይመስላሉ። ጨፌው ማለት ከመንደሩ ግርጌ ያለው፣ ክረምት የጠጣውን ውኃ እስከ ጥር የማይለቅ ሜዳ ነው። ወፎቹ እዚያ ጥቂት ቀን ይሰነብቱና ወደ ቆላ ያልፋሉ።

ሌሎችም ይመጣሉ። ጅራቷን ማሳረፍ የማታውቅ ቢጫ ወፍ ከከብቱ እግር ሥር እየሮጠች ዝንብ ትለቅማለች፤ በሐምሌ ብትፈለግ የለችም። ቡናማው ትልቅ አሞራም አጫጆች ከሚያስደነብሩት አይጥ ድርሻውን ሊወስድ በአጨዳ ሰሞን ብቅ ይላል። ጋጋኖ ግን ዓመት እስከ ዓመት ገደሉ ላይ እየጮኸ የሚኖር የአገር ልጅ ስለሆነ እንግዳ ብሎ የሚያየው የለም። ወዳጆ ይህን ሁሉ ያያል፤ ማየቱን ግን ለሰው አያወራም። ሰው በተሰበሰበበት ከኋላ የሚቀመጥ፣ የመናገር ተራ ሲደርሰው ጫማውን የሚያይ ሰው ነው። ፊደል ቆጥሯል፤ ስሙን ሲጽፍ ግን ከእግሩ እሾህ የሚያወጣ ይመስላል። እንዲህ ያለው ሰው ስልክ ደውሎ መምህር ማስመጣቱ ነው እንግዲህ ጣጣውን ሁሉ የጠራው።

መምህር ፍሬአብ ሞላሌ ላይ ባዮሎጂ የሚያስተምር ወጣት ነው። አንድ የገበያ ቀን የሩቅ ማያ መነጽር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ «ከሰሜን አገር ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ወፎች በዚህ በእኛ ደጋ ያልፋሉ። ሲያርፉ ያየ ሰው ይደውልልኝ፤ ከተማሪዎቼ ጋር መጥቼ አያለሁ» ብሎ ለገበያተኛው ተናገረ። ገበያተኛው ሰማውና ወደ በጉ ዋጋ ተመለሰ። ወዳጆ ብቻ፣ ሰው ዘወር እስኪል ጠብቆ፣ ጠጋ ብሎ ስልክ ቁጥሩን ተቀበለ።

ያን ዓመት በኅዳር ወፎቹ ሲወርዱ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ቋጥኝ ላይ ወጣ። ኔትወርክ የሚገኘው እዚያ ነው። መምህሩ «መቼ ልምጣ?» ሲለው ወዳጆ አሰበ። ለኅዳር ሚካኤል ይምጣ። በዓል ነው፤ ማጭድ የሚያነሣ የለም፣ በሬ የሚጠምድ የለም፣ ጨፌው ጭር ይላል። ከዚህ የተሻለ ቀን ከየት ይገኛል ብሎ በራሱ ብልሃት ረካ።

ኅዳር የሚታጠነው በዚያው ቀን መሆኑን ግን ዘነጋው። ለኅዳር ሚካኤል ማለዳ እያንዳንዱ ቤት ጥራጊውን ከደጁ ከምሮ ያጨሳል፤ በሽታን ከአገር ያስወጣል ይባላል። ከመንደሩ ሁሉ ቀድማ ክምሯን የለኮሰችው ደግሞ የገዛ ሚስቱ ይዘንጋሽ ናት።

«አንቺ ሴት፣ ዛሬን እንኳ ብትተዪው» አላት።

«ለወፍ ብዬ በሽታ ቤቴ ላሳድር?» አለችው፤ እብቁን ጨመረችበት።

ጭሱ ሽቅብ እንደ መሄድ ብርዱ ተጭኖት ቁልቁል ወረደና ጨፌው ላይ ተኛ። መምህሩና ተማሪዎቹ እየሳሉ፣ እንባቸውን እየጠረጉ ደረሱ። ወፍ የለም። አንዱ ተማሪ፣ «መምህር፣ ለእኔ የሚታዩኝ ጋሽ ወዳጆ ብቻ ናቸው። እሳቸውም ቢሆኑ አጥርተው አልታዩኝም» አለ።

መምህሩ ጨዋ ነው፤ «ለከርሞ ያድርሰን» ብሎ ተመለሰ። መንደሩ ግን እንደ መምህሩ ጨዋ አልሆነም። በማኅበር ጠላ ሲቀዳ፣ «ለወዳጆ ሁለት ቅዱለት፤ አንዱ ለወፉ ነው» ይባላል። በግ ጠፍቶት ሲፈልግ ያገኙት፣ «ቀና ብለህ ሰማዩን እይ እንጂ» ይሉታል። ይህንስ ችሎት ነበር።

ያልቻለው የሚያዝያውን ነው። ባሏ የሞተባት አመተሥላሴ ከጎረቤቷ ከቸሩ ጋር በእርሻ ወሰን ተካሰሰች። ቸሩ ሙግት የሚወድ ሰው ነው፤ ሌላው ጠላ ሲጠማው እሱን ክርክር ይጠማዋል። የወሰኑን ድንጋይ የክረምት ጎርፍ ወስዶታል። ድንጋዩ ሲተከል ከሟቹ ጋር ቆመው ካዩት ሰዎች በሕይወት ያለው ወዳጆ ብቻ ነው። ሽማግሎቹ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ተቀምጠው ቃሉን ሊሰሙ ሲሉ፣ ቸሩ ጋቢውን አጣፍቶ ተነሣ።

«አባቶቼ፣ ይህ ሰው በሌለ ወፍ መምህር ያስመጣ ሰው ነው። የሌለ ወፍ ያየ ዓይን የሌለ ወሰን ማየት ያቅተዋል?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ወዳጆ መሬት መሬቱን አየ። መመስከሩ ቀርቶ የገዛ ስሙ እንኳ ከአፉ አልወጣ አለው። ከሽማግሎቹ ታላቅ የሆኑት አባ ኪዳነ ወልድ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቀው፣ «ምስክርነቱ ይደር» አሉ። ይደር የተባለው ነገር ክረምቱን ሙሉ አደረ። አመተሥላሴ የተከራከረችበትን ጥግ ሳታርሰው ቀረች፤ አረም ዋጠው። አንድ ቀን ከወንዝ ስትመለስ ወዳጆን አግኝታ፣ «ምን ነበር የእኔ ወንድም፣ ወፎቹን አይተህ ዝም ብትል ኖሮ» አለችው። ክፋት አልነበረባትም። እሱን ያቃጠለውም ይኸው ነው፤ ክፉ ብትናገረው ይቀለው ነበር።

ስለዚህ ዘንድሮ ቆረጠ። መምህሩ መጥቶ ወፎቹን በዓይኑ ያያል፤ የወዳጆም ቃል ቃል ይሆናል፤ አመተሥላሴም መሬቷን ታገኛለች። ከሚካኤል ጭስ በኋላ ያሉትን ቀኖች ጠበቀ። ወፎቹም እንደ ታዘዙ ሁሉ ከጭሱ በኋላ መጡ።

አሁን የቀረው ወንጭፍ ነው። ገብስ የደረሰበት ሁሉ ወፍ ይጠብቃል፤ ወንጭፍ በጮኸ ቁጥር ደግሞ ጨፌው ላይ ያለው ሳይቀር ብድግ ይላል። ወዳጆ ማሳቸው ከጨፌው ጋር ወደሚዋሰን ቤቶች ሄዶ ለመነ። ለእሱ የሰው ደጃፍ ላይ ቆሞ «እባካችሁ» ማለት ዳገት በሸክም ከመውጣት ይብሳል። እየሳቁበትም ቢሆን እሺ አሉት። መጨረሻ የሄደው ወደ ቸሩ ነው። ወንዝ ዳር ብቻውን አገኘው።

«ቸሩ፣ መምህሩ መጥቶ እስኪያያቸው ድረስ ወንጭፍ አታስጩህብኝ።»

ቸሩ ቀና ብሎ አየው። «ይሁን» አለ።

በቃ፣ ይሁን። ቸሩ ያለ ክርክር ይሁን ሲል ሰው መጠርጠር ነበረበት።

ወዳጆ ቋጥኙ ላይ ወጥቶ ደወለ። አልሠራም። ወረደ፣ ወጣ፣ ስልኩን አጥፍቶ አበራ፣ በግራ እጁ ይዞ ሞከረ። ሲበሽቅ ውሎ መሸት ሲል ጠራለት።

«መጥተዋል፣ መምህር።»

«እሰይ። እኛ ግን ፈተና ላይ ነን ጋሽ ወዳጆ። እሑድ ከሰዓት በኋላ እንመጣለን።»

«እሑድ? እስከዚያ ቢሄዱስ?»

«ይጠብቁኝ በሉልኝ እንጂ» ብሎ መምህሩ ሳቀ። ወዳጆ አልሳቀም።

ከዚያ ወዲያ ሰላም የለም። ማለዳ ሲነሣ ጨፌውን ያያል፤ አሉ። ቀን በጎቹን ትቶ ያያል፤ አሉ። ሣሩ ግን የሰለቻቸው ይመስላል፤ ሐሙስ ዕለት አንገታቸውን እየሰበቁ፣ እግራቸውን እንደ ሙሽራ እያነሡ፣ ተሰልፈው ከቸሩ ገብስ ውስጥ ገቡ። ቸሩ ከማሳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እጁን አጣምሮ ያያቸዋል። ወዳጆ እየሮጠ ወረደ።

«ቸሩ፣ ኧረ ከገብሱስ አስወጣቸው። እኔ ጨፌው ላይ ሲሆኑ ነው ያልኩህ።»

«አታስጩህ ብለህ ለምነኸኛል። እኔ ቃሌን የማጥፍ ሰው አይደለሁም» አለ ቸሩ፤ ከድንጋዩም ንቅንቅ አላለም።

ወዳጆ ራሱ ገብቶ «እሽ፣ እሽ» እያለ በለሆሳስ ሊያወጣቸው ሞከረ። እንዳይበሩ እየፈራ፣ እንዳይበሉ እየሰጋ። ወፎቹ ዞር ብለው አዩትና መብላታቸውን ቀጠሉ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነገሩ ወጣ። ሽማግሎቹ እንደ ልማዳቸው ሲቀመጡ ቸሩ ጋቢውን አጣፍቶ ቆመ።

«አባቶቼ፣ ክስ አለኝ።»

«በማን ላይ?» አሉ አባ ኪዳነ ወልድ።

«በወዳጆ ላይ።»

«ምን አደረገህ?»

«ገብሴን በወፍ አስበላኝ።»

ሰው መሳቅ ጀመረ። ቸሩ አልሳቀም፤ ሙግት ይዞ ማን ይስቃል። «ወንጭፍ እንዳላነሣ ከልክሎኝ፣ ያ አመድማ ባለ ረጅም እግር ወፍ ማሳዬ ላይ ከርሟል። ያልበላው ረግጦታል። ካሣዬን እፈልጋለሁ።»

አባ ኪዳነ ወልድ መቋሚያቸውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ወፎቹን በዓይንህ አይተሃቸዋል?»

«እንዴት አላያቸውም አባ። ዳር ተቀምጬ ስንቱን ቀን ሲበሉኝ?»

«ምናልባት ዘንድሮ ገና የመጡ ይሆኑ?»

«የምን ዘንድሮ ነው። ዓምናም በልተውኛል። እንዲያውም የዓምናው ይብሳል፣ ነዶውን ሳይቀር…» አለና ቸሩ ቆም አለ። ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ታየው፤ ግን አልፎታል።

«እንግዲያው በሚያዝያ ‹የሌለ ወፍ› ያልከን የትኛውን ነው?» አሉ አባ ኪዳነ ወልድ።

ከኋላ አንዱ፣ «ቸሩ በገዛ ጠፍሩ ታሰረ» አለ። አመተሥላሴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«ያ ሌላ ሙግት ነው፤ ይህ ሌላ ሙግት ነው» አለ ቸሩ። «የተጠየቀው ይመለስልኝ። ከልክሎኛል ወይስ አልከለከለኝም?»

ሁሉም ወደ ወዳጆ ዞረ። ወንዝ ዳር ሲነጋገሩ ማንም አልነበረም። አላልኩም ቢል ቸሩ የሚጠራው ምስክር የለውም። ይዘንጋሽ ከሴቶቹ መካከል ሆና ራሷን በቀስታ ስትነቀንቅ አያት፤ አትበል ማለቷ ነው።

«ብያለሁ» አለ ወዳጆ።

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አሉ አባ ኪዳነ ወልድ።

«ገብሱ እስኪታጨድ እኔው እጠብቃለሁ። ማሳው ላይ ወፍ ካየሁ አባርራለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከአሁን።»

ሽማግሎቹ ተያዩና አባ ኪዳነ ወልድ ፈረዱ። ቸሩ ካሣውን ይተው፤ ወዳጆ ይጠብቅ። ቃሉ የሚታመን መሆኑም በዚሁ ይታያል፤ ጥበቃውን ሳያጓድል ከተገኘ በሚመጣው እሑድ በአመተሥላሴ ወሰን ላይ ይመስክር። ካጓደለ ግን ከእንግዲህ በማንም ነገር ምስክር ሆኖ አይቁም።

ይዘንጋሽ እስከ ቤት ድረስ ፈጥና ፈጥና መጣች። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ፣ «ከነገ ብትል ምላስህ ይወልቅ ነበር?» አለችው።

ያኔ ነው መምህሩ ትዝ ያለው።

ከሰዓት በኋላ ወዳጆ በቸሩ ማሳ ጥግ ካለችው ማማ ላይ ወንጭፉን ይዞ ወጣ። ወፎቹ ጨፌው ላይ ናቸው፤ ገብሱ ውስጥ አይደሉም። እዚያው ቢቆዩ ሁሉም ያምራል። ቸሩ ደግሞ ከዚያች ድንጋዩ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል። የሚያየው ወፉን አይደለም፤ ወዳጆን ነው።

ከማዶ ጋራው አናት ላይ ሁለት ባጃጆች ቆሙ። መምህሩና ተማሪዎቹ ወርደው ቁልቁል መንገዱን ያዙ። ወፎቹ በዚያው ቅጽበት አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ አንዱ ሌላውን እየተከተለ፣ ወደ ገብሱ መራመድ ጀመሩ።

«አሁን ምን አለበት» አለ ወዳጆ ለራሱ። «ይህን ያህል ሜዳ እያለ።»

መምህሩና ልጆቹ ከሸለቆው ገብተው ተሰወሩ። ዳገቷን ሲጨርሱ ብቅ ይላሉ። የመጀመሪያው ወፍ ዛላውን ቀጠፈ።

ይዘንጋሽ ከማማው ሥር ቆማ ቆሎ ልትሰጠው እጇን እንደ ዘረጋች ቀረች። «ትንሽ ቆያቸው። ገብስ ነው የሚበሉት፣ ሰው አይደል።»

«ቃል ሰጥቻለሁ።»

«የሰጠኸው ለማን ነው? ለዚያ ለተጎለተው?»

ወዳጆ ቸሩን አየው። ቸሩ ከድንጋዩ ተነሥቶ ቆሟል። መምህሩ አሁንም አልታየም። ወዳጆ ወንጭፉን አዙሮ ለቀቀው። ጨፌው በሙሉ ጮኸ፤ ወፎቹም ክንፋቸውን እያንኳኩ ተነሡ፤ በማማው ላይ አልፈው ወደ ገደሉ አፍ ዞሩ።

መምህሩ ዳገቱን ጨርሶ፣ እያለከለከ መነጽሩን ሊያነሣ ሲል ጀርባቸውን ብቻ አየ። መነጽሩን አወረደው።

«ጋሽ ወዳጆ፣ እርስዎ ራስዎ አበረሯቸው?»

«አዎ።»

«ሊያሳዩን ጠርተውን?»

«አዎ።»

«ለምን?»

ለዚህ ጥያቄ መልሱ ረጅም ነው፤ የሚካኤል ጭስ አለበት፣ የወሰን ድንጋይ አለበት፣ ወንዝ ዳር አለበት። ይህን ጊዜ ቸሩ እየተጣደፈ መጣ።

«መምህር፣ እሱን ተወው፣ እኔን ጠይቀኝ። የተበላሁት እኔ ነኝ፤ ከእኔ የበለጠ ምስክር የለም።» ከዚያ ዘረዘረው። ከየት እንደሚመጡ፣ እንዴት እንደሚራመዱ፣ አንዱ ሲበላ ሌላው እንዴት ዘብ እንደሚቆም። ተማሪዎቹ ከበቡት። መምህሩም ፊቱ በራ። ወዳጆ ማማው ላይ ቀረ፤ ስንት ኅዳር ሙሉ በሆዱ የያዘውን ነገር ሌላው ሰው ከታች ሲያወራው እየሰማ።

«አናታቸውስ? ምን ዓይነት ነው?» አለ መምህሩ። «ዝርያቸው የሚለየው በእሱ ነው።»

«ጥቁር ነው። እንደ ከሰል» አለ ቸሩ።

«ቀይ አለበት» አለ ወዳጆ ከላይ። «ትንሽ ነው፤ ከዓይኑ በላይ።»

«አንተ ጠባቂ ነህ፤ ምስክሩ እኔ ነኝ። ጥቁር ነው አልኩ።»

«ቀይ አለበት፣ ቸሩ።»

ሲነታረኩ ድምፁ ተመለሰ። ወፎቹ ገደሉን ዞረው፣ ዝቅ ብለው፣ እግራቸውን ዘርግተው ወደ ገብሱ መጡ። ወዳጆ ድንጋይ ወንጭፉ ላይ አኖረና ማሽከርከር ጀመረ። መምህሩ «እባክዎ ጋሽ ወዳጆ፣ አንዴ ብቻ» አለ። ወዳጆ አላቆመም።

«ተዋቸው ይረፉ» አለ ቸሩ።

«ምን አልክ?»

«ይረፉ። አናታቸውን እንይ።»

«በሰው ፊት በለው» አለ ወዳጆ፤ ወንጭፉ እየዞረ። «ማሳዬ ላይ ይረፉ ያልኩት እኔ ቸሩ ነኝ በል።»

«ብያለሁ፤ ያልኩት እኔ ነኝ። ውረድ እንግዲህ።»

ወንጭፉ ቆመ። ወፎቹ ገብሱ ውስጥ ወረዱ። መምህሩ ተንበርክኮ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አደረገ፤ አንዱን ወፍ እየተከተለ አየ። ልጆቹም ከጎኑ ተንበረከኩ። በመጨረሻ «ቀይ አለበት» አለ በሹክሹክታ። ቸሩ መነጽሩን ነጥቆ አየ፣ ጠርጎም አየ። «ፀሐዩ ነው» አለ።

በሳምንቱ እሑድ አባ ኪዳነ ወልድ ቸሩን፣ «ወዳጆ ጥበቃውን አጓድሏል ወይ?» ብለው ጠየቁት። ቸሩ ሊከራከር አፉን ከፈተ፤ ተማሪዎቹ፣ መምህሩ፣ ይዘንጋሽ ሁሉ የሰሙት ነገር ነው። «አላጓደለም» አለ። «አንዴ ያረፉትም እኔው ፈቅጄ ነው።»

ወዳጆ መሰከረ። ቃሉ አጭር ነበር፤ ከወይራው እስከ ቦዩ መታጠፊያ አለና ተቀመጠ። ሽማግሎቹ እዚያው ወርደው በተናገረበት ቦታ አዲስ ድንጋይ አስተከሉ። ቸሩ ግን በየእርምጃው ይሟገታል። ወይራው ወጣት ሳለ ቀጭን ነበር ይላል። ቦዩ በክረምት ቦታውን ይለውጣል ይላል። ድንጋዩ ከተተከለም በኋላ፣ «ስንዝር ብቻ ወደ እሷ ቢገፋ ምን ይጎዳል?» አለ።

ወዳጆ ታከተው። «ኧረ በቃህ ቸሩ፣ ስለ እግዚአብሔር» አለ።

አመተሥላሴ ግን ነጠላዋን ሰብስባ መጣችና አዲሱ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።